ኅዳግን ለጊዜው ስለ ማጥበብ፤ ከብራና እስከ ኮምፒዩተር

ስለ ኅትመት ታሪክ ሲነገር ዘወትር የሚወሳው ፊደሉ ነው። ፊደሉን የቀረጸው ማን ነው፤ ማተሚያውን የሠራው ማን ነው፤ የመጀመሪያው መጽሐፍ በየትኛው ከተማ ታተመ የሚሉት ጥያቄዎች ብዙ ሊቃውንትን አድክመዋል፤ ብዙ ወረቀትም ጨርሰዋል። በፊደሉ ዙሪያ ስላለው ባዶ ቦታ የሚጠይቅ ሰው ግን ጥቂት ነው። ኅዳግ የጽሑፍ አጥር ነው። አጥር የሚታወሰው በፈረሰ ጊዜ ስለሆነ እኛም የሙያው ሰዎች ስለ ኅዳግ የምንነጋገረው አብዛኛውን ጊዜ ስሕተት ከተገኘ በኋላ ነው።

የዚህ ዓመታዊ መጽሔት አዘጋጆች ስለ ፊደል ለቀማ ታሪክ አንድ ጽሑፍ እንዳቀርብ በጠየቁኝ ጊዜ ከሰፊው ነገር አንዲት ጠባብ ጉዳይ መረጥሁ። ይኸውም በአንድ ጽሑፍ መካከል የመስመሩን ልክ ለጊዜው ማጥበብና ጉዳዩ ሲፈጸም ወደ ቀድሞው ልክ መመለስ ነው። የሌላ ሰው ቃል ሲጠቀስ፣ ደብዳቤ ወይም ውል እንዳለ ሲገለበጥ፣ ግጥም በስድ ንባብ መካከል ሲገባ መስመሩ ከግራም ከቀኝም ገባ ይላል፤ ጥቅሱ ሲያበቃም ይመለሳል። ማጥበቡ ለማንም ቀላል ነው። የሙያው ሰው በየዘመኑ ሲጨነቅበት የኖረው መመለሱ ነው። የቀድሞውን ልክ የሚያስታውሰው ማን ነው? ለቃሚው ነውን፣ ወይስ መሣሪያው? ለዚህ ጥያቄ የተሰጠው መልስ በየጊዜው ስለ ተለዋወጠ እርሱን እየተከተልን እንሄዳለን። ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አንባቢ ይገንዘብልኝ።

ከራሳችን የብራና ሥራ እንጀምር። ጸሐፊው ብርዑን ቀለም ከመንከሩ በፊት ብራናው በወስፌ ጫፍ ይወጋል፤ ከቀዳዳ ወደ ቀዳዳም ቀለም በሌለው ደነዝ መሣሪያ ይሠመራል። የቁሙ መስመር የዓምዱን ወርድ ይወስናል፤ የአግድሙ ደግሞ ፊደሉ የሚያርፍበትን ያመለክታል። ይህ ከተፈጸመ በኋላ የገጹ ልክ በቆዳው ላይ ታትሟልና ጸሐፊው በመካከል ሐሳቡን ቢለውጥ የድሮው ሥምር አይጠፋለትም። ስለዚህ የቀድሞ ጸሐፊዎቻችን የአንዱን ቃል ከሌላው ለመለየት መስመሩን ማጥበብ አላስፈለጋቸውም። ለዚህ ሥራ ቀይ ቀለም ነበራቸው። የርእስ መጀመሪያ፣ የቅዱሳን ስም፣ ሊለይ የሚገባው ቃል በቀይ ይጻፋል፤ የነገሩን ማብቂያም በጥቁርና በቀይ ነጠብጣብ ያጌጠ ምልክት ይዘጋዋል። በአንድ ዓምድ ውስጥ ብዙ ድምፅ ቢኖር እንኳ ዓይን አይሳሳትም።

ሆኖም በአንድ መጽሐፍ ውስጥ የመስመር ልክ የሚለወጥበት የታወቀ ምሳሌ አለን፤ እርሱም ዳዊት ነው። ዳዊት የደገመ ሁሉ እንደሚያውቀው መዝሙሩ፣ ጸሎተ ነቢያቱና መኃልየ መኃልዩ የሚጻፉት በአንድ ሰፊ ዓምድ ነው። ከእነዚያ ቀጥሎ የሚመጡት ውዳሴ ማርያምና አንቀጸ ብርሃን ግን በሁለት ዓምድ ተከፍለው ይጻፋሉ። የልኩ መለወጥ «አሁን ወደ ሌላ መጽሐፍ ገብተሃል» ብሎ ለአንባቢው የሚናገር ምልክት ነው። በመዝሙሩ ክፍል ደግሞ እያንዳንዱ ስንኝ በራሱ መስመር ላይ ስለሚያርፍ ለመስመሩ የሚረዝም ስንኝ ሲያጋጥም ጸሐፊው ትርፉን ፊደል ከመስመሩ መጨረሻ በላይ ወይም በታች ባለው ክፍት ቦታ ጠቅጠቅ አድርጎ ያስቀምጠዋል እንጂ አጥሩን አያፈርስም። ያ ትርፍ ፊደል የሚቀጥለውን ስንኝ አንድም ጊዜ አያዛባውም። ይህ እንደ ቀላል ነገር ይታይ ይሆናል፤ ነገር ግን ከአራትና ከአምስት መቶ ዓመት በኋላ የኮምፒዩተር ሊቃውንት «የአንድ መስመር ብቻ ለውጥ» ብለው በትእዛዝ መልክ ያቀረቡት ሐሳብ ከዚህ ብዙ የራቀ አይደለም።

በግዕዝ ፊደል የታተመው የመጀመሪያው መጽሐፍም ይኸው ዳዊት ነው። የኮሎኙ ዮሐንስ ፖትከን በሮም ከተማ በቅዱስ እስጢፋኖስ ገዳም ከነበሩ ኢትዮጵያውያን ቋንቋውን ተምሮ፣ «ከለዳዊ» ነው ብሎ ተሳስቶ እንደ ሰየመው ይታወቃል፤ በ1513 በማርቼሎ ዚልበር ማተሚያ ቤት አሳተመው። በዚህ መጽሐፍ የእኛ ፊደል ከብርዕ ወደ እርሳስ ተሻገረ። ከወስፌው ሥምር ወደ ለቃሚው መለኪያም ተሻገረ ማለት ነው።

በእርሳስ ፊደል ዘመን ለቃሚው በግራ እጁ የሚይዛት ትንሽ የብረት መደርደሪያ ነበረችው። አንደኛው ጫፏ ቋሚ ነው፤ ሌላው ወዲያና ወዲህ ተገፍቶ በብሎን ይጠብቃል። የመስመሩን ልክ የሚወስነው ይህ ተንቀሳቃሽ ጫፍ ነው። ለቃሚው ጥቅስ ሲመጣበት ሁለት መንገድ ነበረው። አንደኛው ጫፉን ወደ ውስጥ ገፍቶ በጠባቡ ልክ መልቀም፣ በኋላም የጎደለውን ወርድ በሁለቱም ወገን በባዶ እርሳስ መሙላት ነው። ሁለተኛው ልኩን ሳይነኩ በየመስመሩ መጀመሪያና መጨረሻ ከፊደሉ ቁመት ዝቅ ያሉ፣ ስለዚህም ቀለም የማይነካቸው ባዶ ቁራጮች ማስገባት ነው። የፊተኛው ለረጅም ጥቅስ ይመቻል፤ የኋለኛው ለአጭር። በሁለቱም መንገድ ግን በገጹ ላይ «ባዶ» የሚባል ነገር የለም። አንባቢው ባዶ ብሎ የሚያየው ኅዳግ ለለቃሚው ክብደት ያለው፣ ተቆጥሮ የገባ እርሳስ ነበር።

ለቃሚው ከጥቅሱ በኋላ ጫፉን ወደ ቀድሞው ልክ መመለስ ቢዘነጋስ? የእርሳስ ሥራ መልካምነቱ እዚህ ላይ ነው። የተለቀመው ገጽ በብረት ክፈፍ ውስጥ ገብቶ ከየአቅጣጫው በሽብልቅ ሲጠብቅ መስመሮቹ ሁሉ እኩል ርዝመት ከሌላቸው አጭሩ መስመር አይያዝም። ክፈፉ ከጠረጴዛው ብድግ ሲል ፊደሉ ይፈሳል። እኔም በለማጅነቴ ዘመን አንድ ሙሉ ገጽ እንዲሁ ፈስሶብኝ፣ ፊደሉን ከወለል እየለቀምሁ ወደየሣጥኑ ስመልስ ግማሽ ቀን አልፎብኛል። የዚያን ቀን ያዘንሁትን ያህል ዛሬ አመሰግናለሁ፤ ምክንያቱም የተሳሳተው ገጽ ወረቀት ላይ አልደረሰም። እርሳሱ ራሱ አራሚ ነበር።

የእርሳስ ለቃሚዎች በዚህ ጥበብ የደረሱበትን ከፍታ ለማየት የሚፈልግ ዳንኤል ቦምበርግ ከ1520 እስከ 1523 በቬኒስ ከተማ ያሳተመውን ታልሙድ ይመልከት። በገጹ መካከል ዋናው ጽሑፍ ይቆማል፤ በአንድ ወገን የራሺ ትርጓሜ፣ በሌላው ወገን የቶሳፎት ሊቃውንት ሐተታ ይከብበዋል። ሐተታው በበዛበት ገጽ ዋናው ጽሑፍ ይጠባል፤ ሐተታው ባጠረበት ይሰፋል። አንዱ ወገን ቀድሞ ሲያልቅ ሌላው ከሥሩ ገብቶ ሙሉውን ወርድ ይይዛል። ሦስት ድምፆች በአንድ ገጽ ላይ ሲከራከሩ አንዱ የሌላውን ቃል ሳይወስድ የቆየው በኅዳጉ ብቻ ነው። በዚያ እትም የተወሰነው የቅጠል አቆጣጠር እስከ ዛሬ ድረስ ታልሙድ የሚጠቀስበት ሆኖ ቀርቷል።

አውሮፓውያኑ ራሳቸው ጥቅስን በማጥበብ የለዩት ዘግይተው ነው። በ18ኛው መቶ ዓመት ብዙ መጻሕፍት ላይ የጥቅስ ምልክት በጥቅሱ መጀመሪያና መጨረሻ ብቻ ሳይሆን በእያንዳንዱ መስመር ግንባር ላይ እየተደገመ ይታተም ነበር። አንባቢው ወደ የትኛውም መስመር ቢመለከት የማን ቃል እንደሆነ ያውቃል። ይህ ልማድ ቀርቶ የምልክቱ ቦታ ባዶ ሲተው በመስመሩ ግንባር ላይ የቀረው ክፍተት ራሱ የጥቅስ ምልክት ሆነ። ዛሬ ጥቅስን ገባ አድርገን ስናትም ያ የጠፋ ምልክት በባዶነቱ ቆሟል ማለት ይቻላል።

ከዚህ በኋላ የመጡትን መሣሪያዎች ባጭሩ እናልፋቸዋለን። በ1886 በኒውዮርክ ትሪቢዩን ጋዜጣ ሥራ የጀመረው የኦትማር መርገንታለር ሊኖታይፕ መስመሩን በሙሉ አንድ ቁራጭ አድርጎ ያፈስስ ስለነበር፣ ለአንድ ጥቅስ ብሎ የማፍሰሻውን ልክ ከመለወጥ በየመስመሩ ባዶ ቅርጾችን ማስገባት ይቀል ነበር። ከሁሉ ይልቅ ለጉዳያችን የሚጠቅመው ትሑቱ የጽሕፈት መኪና ነው። በግራና በቀኝ ሁለት ማገጃዎች አሉት። ሠረገላው ከማገጃው ሲደርስ ይቆማል፤ አንድ ፊደል ብቻ ቀርቶ ቃሉ ሳያልቅ ከቆመ ጸሐፊዋ ማገጃውን ለቅጽበት የሚለቀውን ቁልፍ ትጫናለች፤ ሠረገላው አልፎ ይሄዳል፤ ፊደሏም ትጻፋለች። ለሚቀጥለው መስመር ስትመልሰው ግን ማገጃው ከቦታው ፈቀቅ አላለም። የቀድሞውን ልክ ያስታወሰው ብረቱ እንጂ ጸሐፊዋ አይደለችም። በየመሥሪያ ቤቱ ሲንቀጫቀጭ የኖረው ይህ መሣሪያ ለጥያቄያችን ንጹሕ መልስ ሰጥቶ ነበር፤ ነገር ግን ለአንድ መስመር ብቻ ነው።

የኮምፒዩተር ለቀማ ሲጀመር ይህ ሁሉ ልምድ እንደ ገና ከመነሻው ተሞከረ። በ1964 በማሳቹሴትስ የቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት ጄሮም ሳልትዘር «ራንኦፍ» የተባለውን ፕሮግራም ጻፉ። ጸሐፊው ጽሑፉን እንዳለ ይጽፋል፤ በመካከሉ በነጥብ የሚጀምር መስመር ሲገባ ያ መስመር ለሕትመት የታሰበ ሳይሆን ለመሣሪያው የተሰጠ ትእዛዝ ነው። «ይህን ያህል ፊደል ገባ በል» የሚል ትእዛዝ ነበረው፤ «የሚቀጥለውን መስመር ብቻ ወደ ግራ መልስ» የሚልም ነበረው። የፊተኛው ሌላ ትእዛዝ እስኪመጣ ይጸናል፤ የኋለኛው በአንድ መስመር ያበቃል። ሁለቱ ዓይነት ጊዜያዊነት፣ ማለትም ሰው የሚዘጋውና በራሱ የሚያልቀው፣ ገና ከመጀመሪያው ጎን ለጎን ቆመው እናያቸዋለን።

ከራንኦፍ የተወለደው «ሮፍ» ወደ ቤል ላቦራቶሪስ ገባ። በዚያ ኬን ቶምፕሰንና ዴኒስ ሪቺ ዩኒክስ የተባለውን ሥርዓት ሲሠሩ ለአዲስ መሣሪያ መግዣ ምክንያት የሆናቸው የጽሑፍ ዝግጅት ሥራ መሆኑን ብዙ ሰው አያውቅም። በ1971 የመሥሪያ ቤቱ የፓተንት ክፍል ማመልከቻዎቹን በዚህ ሥርዓት ማዘጋጀት ጀመረ። የፓተንት ማመልከቻ በኅዳጉ ላይ የመስመር ቁጥር ይፈልግ ነበርና ኅዳግ እዚህም ላይ በታሪኩ ውስጥ ገብቷል። ጆ ኦሳና «ኤንሮፍ»ን፣ ቀጥሎም በ1973 ለፎቶ ለቀማ መሣሪያ የሚያገለግለውን «ትሮፍ»ን ጻፈ። እርሱ በ1977 ካረፈ በኋላ ብራያን ከርኒሃን ሥራውን ተረክበው ለሌሎች መሣሪያዎችም እንዲያገለግል አደረጉት።

በትሮፍ ውስጥ «ነጥብ ቲ አይ» የተባለችው ትእዛዝ ስሟ ራሱ ጊዜያዊ ማስገባት ማለት ሲሆን ለአንዲት መስመር ብቻ ትሠራለች። «ነጥብ አይ ኤን» የተባለችው ግን ጸንታ ትኖራለች፤ ቁጥር ሳይሰጣት ብቻዋን ስትጻፍ ወደ ቀድሞው ልክ ትመልሳለች። ይህ ብልኅነት ነበር፤ ሆኖም ትዝታዋ አንድ ደረጃ ብቻ ነው። በጥቅስ ውስጥ ሌላ ጥቅስ ገብቶ ሁለት ጊዜ ጠብቦ ከሆነ፣ የመጀመሪያው መመለሻ ወደ ውጪኛው ጥቅስ ያወጣል፤ ሁለተኛው መመለሻ ግን ከጥቅሱ ሁሉ እንደ መውጣት ተመልሶ ወደ ውስጠኛው ያገባል። ሁለት ልኮች ብቻ ስለምታውቅ እያፈራረቀች ትሰጣለች። ልብ ያላለ ጸሐፊ ከዚያ በኋላ ያለውን ምዕራፍ በሙሉ በጠባብ መስመር አትሞ ያገኘዋል፤ መሣሪያውም አንዳች ተቃውሞ አያሰማም። የእርሳሱ አራሚ እዚህ ላይ የለም።

ይህ ለመልክ ብቻ የሚያስጨንቅ ነገር አለመሆኑን በራሴ ላይ ከደረሰው ልናገር። የኮምፒዩተር ለቀማ በእኛም ዘንድ እየተለመደ በሄደበት ጊዜ፣ ስሙን ማንሣት በማያስፈልግ አንድ ማተሚያ ቤት አራሚ ነበርሁ። አንድ መምህር የትውልድ ወረዳቸውን ታሪክ ጽፈው አመጡ። በመጽሐፉ ውስጥ የሽማግሌዎች ምስክርነት ብዙ ነበር። ረቂቁ የጥቅስ ምልክት ነበረው፤ ገጹ ንጹሕ እንዲሆን ብዬ ምልክቱ ሁሉ እንዲወጣና ምስክርነቱ በጠባብ መስመር ብቻ እንዲለይ የመከርሁት እኔ ነኝ። በአንድ ቦታ መመለሻዋ ትእዛዝ ሳትጻፍ ቀረች። ከሽማግሌው ቃል ቀጥሎ የነበረው የደራሲው የራሳቸው ሐተታ ሁለት ገጽ ያህል በጠባቡ መስመር ታተመ። በዚያ ሐተታ ውስጥ ደራሲው፣ ከወንዙ ማዶ ያለው መሬት በቀድሞ ዘመን ከጎረቤት በግፍ የተወሰደ ሳይሆን እንዳልቀረ የገመቱበት አንቀጽ ነበር።

መጽሐፉ ከወጣ ከጥቂት ሳምንታት በኋላ የሽማግሌው ልጅ መጽሐፉን በጋዜጣ ጠቅልሎ ይዞ ወደ ቢሮዬ መጣ። ተቀመጥ ብለው እንቢ አለ። «ጌታዬ፣ አባቴ ዐርፈዋል። እርስዎ ግን መሬታችን የግፍ ነው ብለው ሲናዘዙ አትመዋቸዋል» አለኝ። ገጹን ገልጬ ሳነብበው እውነቱን ነው። በየቃሉ የተሳሳተ ፊደል የለም፤ ሁለት ጊዜ ያረምሁት ገጽ ነው፤ አንዲትም ነጥብ አልጎደለችም። የጎደለው የሁለት ጣት ያህል ኅዳግ መመለስ ነበር። ለቀሩት ቅጂዎች ማረሚያ ወረቀት አሳትመን እየለጠፍን አከፋፈልን። ቀድሞ የተሸጠውን ግን ማን ይሰበስበዋል? በወረዳው ውስጥ መጽሐፉ እጅ በእጅ እየተላለፈ ነበር።

ይህን ትዝታ ይዘን ወደ ዶናልድ ክኑት እንመለስ። ፕሮፌሰር ክኑት በስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ የኮምፒዩተር ሳይንስ መምህር የነበሩ ሲሆን፣ የታወቀው የብዙ ቅጽ መጽሐፋቸው የመጀመሪያ እትም በሞኖታይፕ በእርሳስ የተለቀመ ነበር። በ1977 የሁለተኛው ቅጽ አዲስ እትም በፎቶ ለቀማ ተዘጋጅቶ የማረሚያው ገጽ ሲቀርብላቸው መልኩ እጅግ አሳዘናቸው። ሌሎች ደራስያን ለአሳታሚው ደብዳቤ ይጽፉ ነበር፤ እርሳቸው ግን ሌላውን ሥራ አቁመው የለቀማ ፕሮግራም መጻፍ ጀመሩ። በአንድ ዓመት ይፈጸማል ብለው ያሰቡት ሥራ ዐሥር ዓመት ያህል ወሰደባቸው። ፕሮግራሙ «ቴኽ» ተባለ፤ መመሪያው መጽሐፍ በ1984 ወጣ።

ቴኽ ለጥያቄያችን የሰጠው መልስ ክልል ነው። ጸሐፊው በቅንፍ መክፈቻና መዝጊያ መካከል የሚያደርገው ለውጥ ሁሉ ቅንፉ ሲዘጋ ይሻራል። ፕሮግራሙ ለውጡን ከመቀበሉ በፊት የቀድሞውን ልክ በአንድ ክምር ላይ ያስቀምጣል፤ ቅንፉ ሲዘጋ ከክምሩ ላይ አንሥቶ ይመልሳል። በክልል ውስጥ ክልል፣ በዚያም ውስጥ ሌላ ክልል ቢኖር ክምሩ ከፍ ይላል እንጂ አይደናገርም። የትሮፍ ትዝታ አንድ ደረጃ ነበር፤ የቴኽ ግን ጸሐፊው የከፈተውን ቅንፍ ያህል ነው። ሐሳቡ ከባዶ የመጣ አይደለም። «አልጎል 60» የተባለው የፕሮግራም ቋንቋ በአንድ ክፍል ውስጥ የተሰየመ ነገር ከክፍሉ ውጪ እንዳይታወቅ አስቀድሞ ደንግጎ ነበር። ክኑት ያንን ሥርዓት ወደ ኅትመት ገጽ አመጡት።

ከዚህም ሌላ በቴኽ ውስጥ ማንም ሳይዘጋቸው የሚያልቁ ለውጦች አሉ። አንቀጹን ከሁለተኛው መስመር ጀምሮ ገባ የሚያደርገው ትእዛዝና የየመስመሩን ርዝመት አንድ በአንድ የሚወስነው ትእዛዝ አንቀጹ እንደ ተፈጸመ በራሳቸው ይሻራሉ። በጽሕፈት መኪናው ቁልፍ የአንድ መስመር ዕድሜ የነበረው ነገር እዚህ የአንድ አንቀጽ ዕድሜ አገኘ።

ነገር ግን አንድ ወጥመድ አለ፤ ብዙ ጀማሪ ወድቆበታል። ሊኖታይፕም ሆነ ለቃሚው አንዱን መስመር ጨርሰው ወደ ሌላው ይሄዱ ነበር። ቴኽ እንዲህ አያደርግም። ክኑትና ማይክል ፕላስ በ1981 ባወጡት ጽሑፍ እንደ ገለጡት፣ መስመሮቹ የሚቆረጡት አንቀጹ በሙሉ ከተነበበና የተሻለው አቆራረጥ ከተመዘነ በኋላ ነው። ስለዚህ ፕሮግራሙ የሚሠራበት የመስመር ልክ አንቀጹ ሲጀምር የነበረው ሳይሆን ሲፈጸም የሚገኘው ነው። ጸሐፊው ቅንፍ ከፍቶ መስመሩን ካጠበበ፣ ጥቅሱን ከጻፈ፣ አንቀጹ ሳይፈጸም ቅንፉን ከዘጋ፣ ልኩ ቀድሞ ይመለስና ጥቅሱ ሁሉ በሰፊው መስመር ይታተማል። ለውጡ እንዳልነበረ ይሆናል። መድኃኒቱ አንዲት ነገር ናት፤ አንቀጹን መጀመሪያ መፈጸም፣ ቅንፉን በኋላ መዝጋት። የክኑት መመሪያ ይህንን በግልጽ ያስጠነቅቃል፤ ቢሆንም ትእዛዙን የሚያነብና ማስጠንቀቂያውን የሚያነብ ሰው ሁልጊዜ አንድ አይደለም።

በ1980ዎቹ ሌዝሊ ላምፖርት በቴኽ ላይ የገነቡት «ላቴኽ» ይህን ወጥመድ ከተራው ጸሐፊ ዓይን ሰወረው። በላቴኽ ጸሐፊው ልክ አይሰጥም፤ «ጥቅስ ይጀመር» ይላል፤ «ጥቅስ ይፈጸም» ይላል። ስንት ጣት ይግባ፣ አንቀጹ መቼ ይዘጋ የሚለውን ሥርዓቱ ያውቀዋል። ለእኔ ግን ከዚህ የበለጠ የሚደንቀኝ ሌላ ነው። ጸሐፊው የጀመረውን ጥቅስ ሳይፈጽም የመጽሐፉ መጨረሻ ላይ ቢደርስ፣ ወይም ጥቅስ ጀምሮ ግጥም ብሎ ቢዘጋ፣ ፕሮግራሙ የተከፈተውን ነገር ስምና የተከፈተበትን መስመር ቁጥር ጠቅሶ ስሕተቱን ይናገራል። በእርሳስ ዘመን ክፈፉ ሲነሣ የሚፈሰው ፊደል ያደርግ የነበረውን ሥራ አሁን አንድ የስሕተት መልእክት ያደርገዋል። በዚያ መጽሐፍ ላይ ስሠራ እንዲህ ያለ መልእክት ቢደርሰኝ ኖሮ የሽማግሌው ልጅ ያን ያህል መንገድ ባልመጣ ነበር።

የአንቀጹን ኅዳግ ሳይሆን የገጹን ኅዳግ መለወጥ ሲፈለግ ነገሩ ሌላ ነው። አንድ ሰፊ ሠንጠረዥ ወይም ካርታ ለጥቂት ገጾች ብቻ ሰፊ ወርድ ቢጠይቅ፣ «ጆሜትሪ» በተባለው የላቴኽ ጥቅል በ2010 አንድ ትእዛዝ አዲሱን ልክ እንዲሰጥ፣ ሌላ ትእዛዝ የቀድሞውን እንዲመልስ ሆኗል። ሁለቱም አዲስ ገጽ ያስጀምራሉ። በገጽ መካከል የገጹን ልክ መለወጥ አይቻልምና። የዳዊት ጸሐፊ ከመዝሙሩ ወደ ውዳሴ ማርያም ሲሻገር የዓምዱን ሥምር እንደሚለውጥ ሁሉ፣ እዚህም የገጹ አጥር የሚለወጠው በቅጠል ላይ ነው።

አሁን ወደ ራሳችን ፊደል እንመለስ፤ ይህ ሁሉ ለእኛ ከሌሎቹ ይልቅ የሚከብድበት ምክንያት አለና። በላቲን ፊደል የሚጽፍ ሰው የሌላውን ቃል ለመለየት ብዙ መሣሪያ አለው። ዘንበል ያለ ፊደል አለው፤ ትልቅና ትንሽ ፊደል አለው። በእኛ ፊደል ትልቅና ትንሽ የለም፤ ዘንበል ያለ ፊደልም በልማዳችን የለም፤ ኮምፒዩተሩ በግድ ሲያዘነብለው ቅርጹ ይበላሻል። አባቶች የነበራቸው ቀይ ቀለም ነበር። መጽሐፍ በአንድ ጥቁር ቀለም በርካሽ መታተም ሲጀምር ቀዩ ቀረ፤ በእርሱ ቦታ የተረፉልን የጥቅስ ምልክትና ኅዳግ ብቻ ናቸው። የጥቅስ ምልክቱን እንደ እኔ «ለንጽሕና» ብሎ ያወጣ ሰው ክብደቱን ሁሉ በኅዳጉ ላይ ይጥላል።

ማጥበቡም ቢሆን በእኛ ቋንቋ ዋጋ ያስከፍላል። የአማርኛ ግሥ ባለቤቱን፣ ተሳቢውን፣ አሉታውንና ጊዜውን በአንድ ቃል ስለሚሸከም ረጅም ነው። ቃላት በሁለት ነጥብ በሚለዩበት ዘመን ጸሐፊው ዓምዱ ሲሞላበት ቃሉን ከየትኛውም ፊደል ላይ ቆርጦ ወደ ሚቀጥለው መስመር ያሻግር ነበር፤ ሁለቱ ነጥብ የቃሉን ማብቂያ ስለሚያሳይ አንባቢ አይስትም። በዚህ ምክንያት የብራና ዓምድ የቱንም ያህል ቢጠብ ዳርቻው ቀጥ ያለ ነው። በኅትመት ሁለቱ ነጥብ ቀርቶ ባዶ ቦታ ሲተካ ቃልን መቁረጥ አስቸጋሪ ሆነ፤ በሰረዝ ማያያዙም በእኛ ዘንድ ሥር አልሰደደም። እንግዲህ መስመሩ በጠበበ ቁጥር ሦስት ረጃጅም ቃላት ብቻ የሚይዝ መስመር ይመጣል፤ በመካከላቸውም በሬ የሚያሳልፍ ክፍተት ይተዋል። የውጭ አገር ጥቅልን የመስመር ልክ እንዳለ የሚቀበል አሰናጅ ይህን ጉድለት በየገጹ ያገኘዋል።

በ1990ዎቹ በሀምቡርግ ዩኒቨርሲቲ «ኢትዮፕ» የተባለው ጥቅል ተዘጋጅቶ የግዕዝ ፊደል በላቴኽ መለቀም ቻለ። በ1999 ፊደላችን በዩኒኮድ 3.0 ከገባ በኋላ ደግሞ ለአማርኛ የተለየ አጻጻፍ ሳያስፈልግ ጽሑፉን በራሱ ፊደል ጽፎ ማዘጋጀት ተቻለ። እኔ ዛሬ ለወጣት አሰናጆች በምሰጠው ትምህርት የአማርኛን ጥቅስ ከግራ ብቻ፣ ያውም በጥቂቱ ገባ አድርገው፣ የቀኙን ዳርቻ ሳያስተካክሉ ክፍት እንዲተዉት እመክራለሁ። አንዳንዶቹ ገጹ የተቆራረጠ ይመስላል ብለው አይወዱትም። የጥቅሱን ምልክት ግን በመክፈቻውም በመዝጊያውም እንዲያኖሩ አዝዛለሁ፤ በዚህ ላይ ክርክር አልቀበልም። ያ በማረሚያ ወረቀት የተለጠፈበት መጽሐፍ አንድ ቅጂ ከጠረጴዛዬ ላይ አለ፤ ወረቀቱ በጊዜ ብዛት ሙጫው ደርቆ ከአንድ ወገን ተላቋል።